ከፍሪማን ፊልድ ለእናት የተላከ ደብዳቤ፦ «ምንም አይልም» ላልሽው ወረቀት መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሌላውም አንባቢ እንዲከታተል መጀመሪያ ባጭሩ ላስቀምጠው። ኮሎምበስ ኦሃዮ ነው የምትኖሪው፣ ስትንከባከቢያቸው የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊት እናት ሲያርፉ ቤተሰቡ ቤቱን ሲያጸዳ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ሰጡሽ፣ ውስጡ የሴትዮዋ ታላቅ ወንድም በጦርነቱ ጊዜ ለእናታቸው የጻፈው ደብዳቤ ተገኘ። ቴምብር የለውም፣ ቴምብሩ መለጠፍ በነበረበት ቦታ ላይ በእጅ «ፍሪ» ተብሎ ተጽፏል። የላኪ አድራሻው ምክትል መቶ አለቃ፣ 477ኛ ቦምባርድመንት ግሩፕ፣ ፍሪማን ፊልድ፣ ሲሞር፣ ኢንዲያና ይላል። ቀኑ ኤፕሪል 8፣ 1945 (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ውስጡ ደግሞ ምግቡ ደህና ነው፣ በደንብ እየበረርን ነው፣ ጆሮዬ ትንሽ ይጮኻል እንጂ ጤነኛ ነኝ፣ እንደገና ቦታ ቀይረናል፣ ያልሽኝን ፓርሰል ሌላ ደብዳቤ እስክጽፍልሽ ድረስ አትላኪው፣ ለፓስተሩ ሰላም በይልኝ፣ በቃ። ቤተሰቡም «አየር ኃይል ነበረ» ከማለት ውጪ የሚያውቀው ነገር የለም፣ አንቺም ሙሉውን ፎቶ አንስተሽ ለጥፈሽዋል። የጠየቅሽው ለምን ቴምብር የለውም፣ ሳንሱር ነው እንዴ እንዲህ ባዶ ያደረገው፣ ሰውዬው ጦር ሜዳ ሄዷል ወይ፣ ወረቀቱንስ ምን ላድርገው ነው።

እኔ የምሠራው የድሮ ወታደራዊ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበት አርካይቭ ውስጥ ነው፣ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሥልጠና የተላኩ ደብዳቤዎች ደግሞ ብዙ አንብቤያለሁ፣ እና ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ይኼ ደብዳቤ ባዶ አይደለም። የዩኒቱን ቁጥርና ቀኑን አንድ ላይ ስታያቸው ሌላው መስመር ሁሉ መናገር ይጀምራል።

ቀላሉን ልጨርስ። ኮንግረስ በ1942 ባወጣው ሕግ መሠረት በሠራዊቱ ውስጥ ያለ ሰው ተራ ደብዳቤ ሲልክ ቴምብር መግዛት አይጠበቅበትም ነበር፣ በፖስታው ቀኝ ጥግ ላይ በእጁ «ፍሪ» ብሎ ጽፎ ስሙን፣ ማዕረጉንና ዩኒቱን በግራ በኩል ካስቀመጠ ፖስታ ቤቱ በነጻ ያደርስለታል። ለመኮንንም ለተራ ወታደርም እኩል ነበር። ስለዚህ የተቀደደ ወይም የወደቀ ቴምብር አትፈልጊ፣ ያ በእጅ የተጻፈው ራሱ የፖስታው ዋና ማስረጃ ነው፣ ፖስታውን እንዳትጥይው።

ሳንሱሩን በተመለከተ አይደለም፣ ሳንሱር አላደረገውም። ብዙ ሰው የጦርነት ደብዳቤ ሁሉ በመቀስ የተቆረጠ ይመስለዋል፣ እውነት ነው ባሕር ማዶ ያለ ወታደር የሚጽፈውን የገዛ ዩኒቱ መኮንን አንብቦ ፖስታው ላይ ፈርሞ ማህተም ይመታበት ነበር፣ የዚያ ዓይነት ደብዳቤ አድራሻ ግን የቦታ ስም የለውም፣ የኤፒኦ (የጦር ሠራዊት ፖስታ ቤት) ቁጥርና «በኒውዮርክ ፖስታ ቤት በኩል» ወይም «በሳን ፍራንሲስኮ ፖስታ ቤት በኩል» ነው የሚለው፤ የመጀመሪያው ወደ አውሮፓና ሜዲትራኒያን፣ ሁለተኛው ወደ ፓስፊክ ማለት ነው። ያንቺው ግን ከተማውንም ጣቢያውንም በግልጽ ጽፏል፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ነው የጻፈው፣ አገር ውስጥ ያለ ወታደር ደብዳቤ ደግሞ እንደዚያ በየዩኒቱ አይነበብም ነበር። ስለ መሣሪያና ስለ ጉዞ እንዳይጽፉ ይነገራቸው ነበር እንጂ እናቱን «ተቸግሬያለሁ» እንዳይላት የሚከለክለው መኮንን አልነበረም። ዝም ያለው እሱ ራሱ ነው።

ይኼን ዝምታ ሁሉም ጋ ነው የማየው። ሥልጠና ስንል ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ክላስና ልምምድ ነው፣ ግን በዚያ ጦርነት የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ጠላት የሚባል በሌለበት በገዛ አገሩ ሰማይ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ብቻ ወደ 15,000 ሰው አጥቷል። በሌሊት ናቪጌሽን ተራራ የገጩ አሉ፣ በፎርሜሽን ሲበሩ የተላተሙ አሉ፣ ሲነሱ ሞተር የጠፋባቸው አሉ። ጁላይ 1943 ላይ ደግሞ ከዳልሃርት ቴክሳስ የተነሳ ቢ-17 በሌሊት ልምምድ ላይ ናቪጌሽኑ ተሳስቶ፣ ቦይዝ ሲቲ የምትባል የኦክላሆማ ከተማ ፍርድ ቤት ዙሪያ ያሉትን መብራቶች ኢላማው መስሎት፣ የልምምድ ቦምቦች ከተማዋ ላይ ጥሏል፣ ማንም ሳይጎዳ ቀረ እንጂ። እንግዲህ ልጆቹ ማታ ጓደኛቸውን ቀብረው ጠዋት «ምግቡ ደህና ነው» ብለው ይጽፋሉ። እናት ቤት ቁጭ ብላ ከምትጨነቅ እንጀራውንና እንቅልፉን ብቻ ትወቅ ብለው ነው፣ የኛም አገር ልጅ ከግንባር ወይም ከስደት ደውሎ «ደህና ነኝ እማ፣ አታስቢ» ሲል የሚያደርገው ያንኑ ነው።

የጆሮውን ነገር እንኳን አለፍ ብሎ ነው የጠቀሰው ግን እውነተኛ ነው። ግሩፑ ይበርር የነበረው ቢ-25 ሚቼል የሚባለውን ባለ ሁለት ሞተር መካከለኛ ቦምብ ጣይ ነው፣ ዱሊትል የተባለው የአሜሪካ አብራሪ በ1942 ከመርከብ ላይ ተነስቶ ቶኪዮን የደበደበበት ዓይነት። እያንዳንዱ ሞተር 1,700 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ፓይለቶቹ የተቀመጡት ደግሞ ከሁለቱ ፕሮፔለሮች ጎን ነው፣ ጩኸቱ በጣም የታወቀ ነበር፣ በዚያ አውሮፕላን የበረረ ብዙ ሰው እስከ ዕድሜው ማብቂያ ጆሮው እንደከበደው ነው የኖረው። ክሩው፣ ማለትም አንድ አውሮፕላን ላይ አብሮ የሚበርረው ቡድን፣ አምስት ወይም ስድስት ሰው ነው፦ ሁለት ፓይለት፣ ናቪጌተሩ ወይም ቦምባርዲየሩ (ብዙ ጊዜ ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ነው የሚሠራው)፣ ሞተሩን የሚከታተል ኢንጂነር ላይኛው ተኩስ ላይ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ከኋላ ደግሞ ጅራት ተኳሽ። ሰውዬው ምክትል መቶ አለቃ ከሆነ ከፊት ካሉት አንዱ ነው ማለት ነው፣ ከኋላ ያሉት ባለ ሌላ ማዕረግ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ 477ኛ የሚለው ቁጥር። ይኼ ግሩፕ ተራ ግሩፕ አይደለም። ሠራዊቱ በዘር ተከፍሎ በነበረበት ዘመን የተቋቋመ የመጀመሪያው የጥቁሮች ቦምብ ጣይ ግሩፕ ነው። የቱስኬጊ አብራሪዎች (አላባማ ውስጥ ቱስኬጊ የሠለጠኑ ጥቁር አብራሪዎች) ሲባል ሰው የሚያውቀው ጣሊያን ሰማይ ላይ በተዋጊ አውሮፕላን የተዋጉትን ነው፣ እነዚህ ግን ወንድሞቻቸው ናቸው፣ ታሪካቸው ደግሞ ብዙም አይነገርም። ለኛ ኢትዮጵያውያን የቱስኬጊ ነገር ሩቅ አይደለም። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ በ1935 መጥቶ የጃንሆይን ትንሽ አየር ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን፣ ቡናማው ኮንዶር የተባለው፣ ቱስኬጊ የተማረ ሰው ነው፣ እዚያ የአቪዬሽን ትምህርት እንዲጀመር ከገፋፉትም አንዱ ነው። በ1944 ደግሞ ተመልሶ ኢትዮጵያ ገብቶ አብራሪዎች አሰልጥኗል፣ በ1954 አዲስ አበባ ነው ያረፈው። ይኼን የምነግርሽ ቤተሰቡ ጋ ስትሄጂ እንድታነሺላቸው ነው፣ ብዙዎቹ አያውቁትም፣ ሲሰሙት ደግሞ በጣም ነው ደስ የሚላቸው።

477ኛው በጃንዋሪ 1944 ሴልፍሪጅ ፊልድ ሚሺጋን፣ ዲትሮይት አጠገብ ተቋቋመ። ሌላው የነጭ ቦምብ ጣይ ክሩ በዚያን ጊዜ አንድ ላይ ተሰባስቦ ሦስት ወር ገደማ ከሠለጠነ በኋላ ወደ ጦር ሜዳ ይላካል። 477ኛው ግን ከጃንዋሪ 1944 ጀምሮ ጦርነቱ እስካለቀበት እስከ ኦገስት 1945 ድረስ ሥልጠና ላይ ነበር። ለምን? አንደኛ ቱስኬጊ ፓይለት እንጂ ናቪጌተርና ቦምባርዲየር አያወጣም ነበር፣ ጥቁር ናቪጌተሮች ቴክሳስ ሆንዶ ገብተው እስኪወጡ ብዙ ወራት ፈጀ፣ ፓይለቶቹም ሙሉ ክሩ ሳይኖራቸው ያንኑ በረራ እየደጋገሙ ቆዩ። ሁለተኛው ግን የባሰው ነው። ከቦታ ቦታ ያንከራትቷቸው ነበር። በሴልፍሪጅ ጥቁር መኮንኖች የመኮንኖች ክበብ እንዳይገቡ ተከለከሉ፣ ጭቅጭቅ ሲነሳ አዛዦቹ በዲትሮይት ያለው የጥቁር ሕዝብ እንዳይነሳሳ ፈሩ፣ በሜይ 1944 ግሩፑን በድንገት ወደ ጎድማን ፊልድ ኬንታኪ ወሰዱት። ጎድማን ለቢ-25 ግሩፕ የሚበቃ ሃንጋርና ማቆሚያ አልነበረውም። በማርች 1945 ደግሞ ወደ ፍሪማን ፊልድ። «እንደገና ቦታ ቀይረናል» ያላት እንግዲህ ይኼ ነው፣ አንድ መስመር ናት፣ ውስጧ ግን የአንድ ዓመት መንከራተት አለ።

ፍሪማን በሜዳው የተሻለ ነበር፣ በሰው በኩል ግን አልነበረም። ሲሞር ከተማ ውስጥ ጥቁሮችን የማያስተናግድ ሱቅና ምግብ ቤት ብዙ ነበር፣ ጣቢያው ውስጥ ደግሞ የግሩፑ አዛዥ ኮሎኔል ሴልዌይ ሁለት ክበብ አቋቋመ፣ አንዱ «ለአሠልጣኞች»፣ አንዱ «ለሠልጣኞች»። አሠልጣኝ የተባለው ሁሉ ነጭ፣ ሠልጣኝ የተባለው ሁሉ ጥቁር ነው፣ ሥልጠናውን የጨረሰ ይሁን የድጋፍ ሥራ ላይ ያለ መኮንን ይሁን ልዩነት የለም። የሠራዊቱ የራሱ ደንብ፣ የ1940ው 210-10፣ የጣቢያው ክበብ ለማንኛውም መኮንን ክፍት ይሁን ስለሚል ያን ሕግ ለማለፍ የተሠራ ዘዴ ነው። ለነዚህ ሰዎች ሥልጠናው ያላለቀው ሰነፍ ሆነው እንዳይመስልሽ፣ ሠልጣኝ ሆነው እንዲቆዩ የሚፈልግ ሰው ከላያቸው ስለነበረ ጭምር ነው፣ እኔ ሰነዶቹን ባነበብኩ ቁጥር የምደርሰው እዚያው ነው።

እና ኤፕሪል 5፣ 1945 ማታ ጥቁር መኮንኖች ተነጋግረው፣ ሥነ ሥርዓት ይዘው፣ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ወደ ተከለከለው ክበብ ገቡ። እንዲወጡ ታዘዙ፣ ስማቸው ተመዘገበ፣ በመኝታቸው እንዲታሰሩ ተደረገ፣ በማግስቱም ሌሎች ቀጠሉ፣ በጠቅላላው 61 መኮንኖች። ከሦስቱ በስተቀር ሌሎቹ ከጥቂት ቀን በኋላ ተለቀቁ። ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን አሁን ተመልሰሽ እይው፣ ኤፕሪል 8። እሁድ ነው። ጣቢያው ውስጥ ሌላ ወሬ ያልነበረበት ሳምንት ነው። እሱ ግን ለእናቱ ስለ ምግቡ ጻፈላት፣ ለፓስተሩ ሰላም አለ፣ ከዚያ «ፓርሰሉን ሌላ ደብዳቤ እስክጽፍልሽ አትላኪው» አለ። ሌላ ግሩፕ ቢሆን ኖሮ ይቺን መስመር የማነባት «ወደ ባሕር ማዶ ልንሄድ ነው» ብዬ ነበር፣ በቦምብ ጣይ ሥልጠና ደብዳቤዎች ላይ ብዙ ጊዜ ትርጉሟ እሱ ነው፣ አድራሻው ሊቀየር ነው ማለት። እዚህ ግን ግሩፑ ወደየትም ለመሄድ አልተዘጋጀም ነበር። ነገ የት እንደማድር አላውቅም ማለቱ ነው።

በማግስቱ፣ ኤፕሪል 9፣ ሴልዌይ 85-2 የሚባል አዲስ የጣቢያ ደንብ አወጣ፣ ክፍፍሉን በጽሑፍ ያጸናል፣ መኮንኖቹም አንብቤ ተረድቻለሁ ብለው እንዲፈርሙ ተጠየቁ። እያንዳንዱን ብቻውን እየጠሩ ቀጥታ ትዕዛዝ ሰጡት። በጦርነት ጊዜ የበላይን ቀጥታ ትዕዛዝ አልቀበልም ማለት በዚያን ጊዜ በነበረው 64ኛው የጦር አንቀጽ እስከ ሞት ሊያስቀጣ ይችላል፣ ይኼንም አውቀውት ነው። 101 መኮንኖች አንፈርምም አሉ። አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ኤፕሪል 12 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሞቱ፣ በማግስቱ እነዚህ 101 ሰዎች በአውሮፕላን ተጭነው ወደ ጎድማን በእስር ተወሰዱ፣ በኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት እዚያ የጀርመን ምርኮኞች እንደልባቸው ሲንቀሳቀሱ ያዩ ነበር። የጥቁር ጋዜጦችና ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ድርጅት ኤንኤኤሲፒ ጮኹ፣ የኮንግረስ አባላት ጠየቁ፣ በኤፕሪል 23 ተፈቱ፣ ግን እያንዳንዳቸው ፋይል ላይ የጽሑፍ ተግሳጽ ገባ። ክበቡ ውስጥ ተይዘው ያልተለቀቁት ሦስቱ ጁላይ ላይ ጦር ፍርድ ቤት ቀረቡ፣ ሁለቱ ነጻ ወጡ፣ ሮጀር ቴሪ የተባለው ግን «አንድ መኮንን ገፍትረሃል» ተብሎ 150 ዶላር ተቀጣ። የቴሪ ፍርድ የተሰረዘው በ1995 ነው፣ የአየር ኃይሉም ተግሳጹ እንዲነሳላቸው ለጠየቁት ከፋይላቸው ላይ ማውጣት የጀመረው ያኔ ነው። ሃምሳ ዓመት። ከ101ዱ መካከል በኋላ የዲትሮይት ከንቲባ የሆነው ኮልማን ያንግ አለበት።

ያንቺ ሰውዬ ከነሱ አንዱ ነው አልልሽም፣ አንድ ደብዳቤ ይዞ እንደዚያ ማለት ተገቢ አይደለም። ግን የ101ዱ ስም ዝርዝር በይፋ የታወቀ ነው፣ ስሙን ከፖስታው ላይ ወስደሽ አመሳክሪ። ካገኘሽው ለቤተሰቡ ቁጭ ብለሽ በዝግታ ንገሪያቸው፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ምንም ያልተናገረው ያ ተግሳጽ እንደ ነውር ተቆጥሮበት ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹ ሥራ ሲፈልጉ አብሯቸው የዞረ ወረቀት ነው። ባታገኚውም ደብዳቤው ዋጋው አይቀንስም፣ በዚያ ሳምንት እዚያ ጣቢያ ውስጥ የነበረ መኮንን የጻፈው ነው።

ጦር ሜዳ ሄዷል ወይ ላልሽው፣ ከ477ኛው ጋር እስከ መጨረሻው ከቆየ አልሄደም። በጁን 1945 ሴልዌይ ተነስቶ ቤንጃሚን ዴቪስ ጁኒየር፣ ጣሊያን ላይ ጥቁር ተዋጊ አብራሪዎችን የመራው ኮሎኔል፣ አዛዥ ሆነ፣ ግሩፑ ለፓስፊክ መዘጋጀት ጀመረ፣ ኦገስት ላይ ጃፓን እጇን ሰጠች። ስለዚህ የቤተሰቡ አባላት «ሜዳሊያ የለውም፣ ምንም አልሠራም» ካሉሽ አትስሚያቸው። በማርች 1946 ግሩፑ ወደ ሎክበርን ተዛወረ፣ ሎክበርን ማለት እዚያው አንቺ ያለሽበት ኮሎምበስ ዳር ያለው ነው፣ ዛሬ ሪከንባከር የሚባለው ኤርፖርት። ቤተሰቡ ኮሎምበስ የከረመው በዚያ ምክንያት ይሆን እንዴ ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ጥሩ መነሻ ነው።

የአገልግሎት ፋይሉን ለማግኘት ሴንት ሉዊስ ያለው የብሔራዊ አርካይቭ ማዕከል ነው፣ ስታንዳርድ ፎርም 180 ይሞላል፣ ቤተሰቡ ቢጠይቅ ይሻላል። ነገር ግን በጁላይ 1973 እዚያ የተነሳው እሳት በ1912 እና በ1960 መካከል ከምድር ጦሩ የተሰናበቱ ሰዎችን ፋይል 80 በመቶ ያህሉን አውድሟል፣ ያኔ አየር ኃይሉ የምድር ጦሩ አካል ስለነበር እሱም እዚያ ውስጥ ነው የሚገባው። «ተቃጥሏል» የሚል መልስ ከመጣ ተስፋ አትቁረጡ፣ የመኮንን መለያ ቁጥሩን (በኦ ፊደል የሚጀምረውን) ፖስታው ላይ ወይም ሌላ ወረቀት ላይ ፈልጉ፣ በሱ ከሌላ መዝገብ ላይ መነሳት ይቻላል። የግሩፑ የራሱ ታሪክ ሰነዶች ደግሞ አላባማ ማክስዌል ባለው የአየር ኃይል ታሪክ ምርምር ተቋም ይገኛሉ።

ወረቀቱን በተመለከተ ላሚኔት እንዳታደርጊ፣ እባክሽ። ስኮች ቴፕም አትለጥፊበት፣ የብረት ክሊፕ ካለው ቀስ ብለሽ አውጪው። እጅሽን ታጥበሽ አድርቀሽ ያዢው፣ የጨርቅ ጓንት ወረቀት ይቀዳል እንጂ አይጠቅምም። አሲድ የሌለው ፎልደር ውስጥ ዘርግተሽ፣ ከነፖስታው፣ ብርሃን የማይደርስበት ቦታ፣ ቤዝመንትና ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ግን አይሆንም፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ይጨርሰዋል። የቆርቆሮ ሳጥኑን ለመታሰቢያ አስቀምጪው እንጂ ደብዳቤውን መልሰሽ እዚያ አትክተቺ። ከዚያ በፊት በ600 ዲፒአይ ሁለቱንም ገጽ፣ ፖስታውንም ፊትና ጀርባውን ስካን አድርጊ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ወረቀቱ ቢሰጥሽም ቃላቱ የጸሐፊው ወራሾች ናቸው። በአሜሪካ ሕግ ያልታተመ ደብዳቤ የቅጂ መብቱ ጸሐፊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ድረስ ይቆያል። ስለዚህ ሙሉውን ፎቶ አንስተሽ የለጠፍሽውን አውርጂው፣ ስሙም የእናቱም አድራሻ ይታያል። መጀመሪያ ወደ ቤተሰቡ ሂጂ፣ ሲሰጡሽ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር፣ አሁን ካወቁ በኋላ መልሰው ሊፈልጉት ይችላሉ፣ መብታቸውም ነው። እነሱ ለሕዝብ ይቀመጥ ካሉ የቱስኬጊ ዩኒቨርሲቲ አርካይቭ አለ፣ ካሊፎርኒያ ቻፕማን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጦርነት ደብዳቤዎችን ብቻ የሚሰበስብ ማዕከል አለ፣ ለአንድ ደብዳቤ እንኳን ቦታ አላቸው። ለሰብሳቢ ነጋዴ በችኮላ እንዳትሸጪው፣ እንዳይሸጡትም ምከሪያቸው፣ ከቤተሰቡ ታሪክ ተነጥሎ ከወጣ ማን እንደነበረ መልሶ ማወቅ በጣም ከባድ ነው።

ሌላው ፎቶ ነው፣ ከክሩው ጋር የተነሳው ካለ ሳጥኑ ውስጥ ወይም የቤተሰቡ አልበም ላይ ፈልጉ። ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ የሁሉም ስም ይጻፋል፣ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ አጠገብ ያለው ቁጥር ከታየ ደግሞ ስኳድሮኑን ለመለየት ይረዳል፣ ግሩፑ ከ616ኛ እስከ 619ኛ ድረስ አራት ስኳድሮን ነበረው። የፖስታውን ፊት ስሙን ሸፍነሽ በግል ላኪልኝ፣ ከ477ኛው በታች ያለችውን የደበዘዘች መስመር ላያት እፈልጋለሁ፣ እዚያ ላይ የስኳድሮኑ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም።